አንድ አባት፣ ሁለት ማኅደር

«አባቴ፣ እዚህ ማኅደር ላይ ያለው ሰው እርስዎ አይደሉም» አለቻቸው ልጅቷ።

በትሕትና ነው ያለችው፤ ከመቀመጫዋም ተነስታለች። አባባ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና «ታዲያ እኔ ማን ነኝ?» አሏት። ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ቀልድ አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው ለቀድሞ ሠራዊት አባላት የአገልግሎት ሜዳልያና የምስክር ወረቀት ይሰጣል ተብሎ ስም ሲመዘገብ ነው። አባባ የሚኖሩት ጎባ ነው፣ እኔ ሮቤ። በመካከላችን ያለው 14 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ከስድስታችን ልጆች መካከል ወረቀት የማስፈጸም ጣጣ ሁልጊዜም እኔ ላይ ይወድቃል። ቀላል መስሎኝ ነበር። መታወቂያ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ ያገለገሉበት ማስረጃ፤ በቃ። እማማ ገና ከመጀመሪያው «ሜዳልያ ዘይት አይሆን፣ ዱቄት አይሆን፤ ምን ያመላልሳችኋል?» ብለውን ነበር። አባባ አልመለሱላቸውም።

አባባ የዘመቱት በ1969 ዓ.ም. ነው። የሶማሊያ ጦር በሐምሌ ወር በሙሉ ኃይሉ ድንበር ከመሻገሩ በፊት የባሌ ቆላ ቀደም ብሎ መታመስ ጀምሮ ነበር። መንግሥት የእናት አገር ጥሪ ሲያውጅ ከየክፍለ አገሩ የተሰበሰበው ሚሊሺያ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሚገኘው ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ሰኔ 18 ቀን አብዮት አደባባይ ላይ ተሰለፈ። አባባም ከሰልፈኞቹ አንዱ ነበሩ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ። ሐረር አካባቢ ግራ ክንዳቸውን ተመቱ፤ ታክመው ወጥተው እንደገና ዘመቱ። የካቲት 26 ቀን 1970 የካራማራ ድል ሲበሰር ሬዲዮ አልሰሙም፣ እዚያው ነበሩና። በኋላም መደበኛ ወታደር ሆነው ወደ ሰሜን ተዛወሩ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን አሥራ አራት ዓመት አገልግለዋል። ያን ጊዜ ወደየቤቱ የተሸኘው ወታደር ግማሽ ሚሊዮን ያህል ነበር፤ አባባም ከማቋቋሚያ ኮሚሽኑ የተሰጣቸውን ወረቀት ይዘው ጎባ ገቡ።

ከዚያ ሌላ ጦርነት መጣ። ግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ሲጀመር ልምድ ያላቸው የቀድሞ ወታደሮች ተጠሩ። አባባ ሄዱ። ሁለት ዓመት ግድም ቆይተው ተመለሱ።

እንግዲህ ልጅቷ ጠረጴዛዋ ላይ የዘረጋቻቸው ማኅደሮች ሁለት ናቸው፤ አንዱ የ14 ዓመት፣ አንዱ የሁለት። ሁለተኛው የእሳቸው መሆኑን ማንም አልተጠራጠረም። የመጀመሪያው ነው «የሌላ ሰው» የተባለው።

ምክንያቱ የአያቴ ስም ነው። (የአባባን ስም እንዳልጽፍ አደራ ስላሉኝ የአያቴን ብቻ ልንገራችሁ።) አያቴ ሁሴን ይባላሉ። በ1969 የተሞላው ቅጽ ላይ «ሀሰን» ተብለዋል። እስቲ ሁለቱን ስሞች በእጅ ጽሑፍ ጻፏቸው። ከ«ሀ» ጎን ትንሽ ጭረት ብትጎድል፣ ከ«ሰ» እግር ሥር ቀለበቷ ብትቀር፣ ሁሴን ሀሰን ይሆናል። ጸሐፊው ምናልባት ቸኩሎ ነበር፤ ምናልባት ብዕሩ ደርቆበት። በዚያ ዓመት ስንት ሺህ ስም እንደጻፈ ማን ያውቃል።

ሌላ ቦታ ቢሆን የፊደል ግድፈት ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ባሌ ውስጥ ግን አይታለፍም። ድሬ ሼህ ሁሴን በሚገኝበት አገር ሁሴን የሚለው ስም በየቤቱ አለ፤ ሀሰንም እንደዚያው። መንታ ወንዶች ሲወለዱ አንዱ ሀሰን፣ አንዱ ሁሴን መባላቸው የተለመደ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ለሚያይ ሰው የሀሰን ልጅና የሁሴን ልጅ ሁለት ሰዎች ናቸው። በልጅቷ አልፈርድም።

በዚያ ላይ የዛሬው ወረቀት አለ። የቀበሌ መታወቂያችን በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ከ1984 ወዲህ በቁቤ ይጻፋል፤ በቁቤ ደግሞ ድምፁ ሲረዝም አናባቢው ይደገማል። ፋይዳ ላይ ስሙ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሰፍሯል፤ በእንግሊዝኛው የተደገመው «ሰ» ነው። አንድ ሽማግሌ በሦስት አጻጻፍ። እነዚህ ሁሉ ግን ሲነበቡ ሁሴን ናቸው። ሁሴን ያልሆነው ያ የመጀመሪያው ቅጽ ብቻ ነው፤ የ14ቱ ዓመት ግን ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ስሙ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ልጅቷ ጣቷን ወረድ አደረገችና «የትውልድ ዘመኑም አይገጥምም» አለች። በመጀመሪያው ማኅደር 1951፣ በሁለተኛው 1953። «በዚህኛው ብንሄድ እኮ በ69 እርስዎ የ16 ዓመት ልጅ ነበሩ። በ16 ዓመት ወታደር አይቀጠርም።»

አባባ አቀርቅረው ዝም አሉ። ወደ ጎባ ስንመለስም ሚኒባሱ ውስጥ አልተናገሩም። የጎባ ብርድ በመስኮቱ ሲገባ ብቻ «ዝጋው» አሉኝ።

ማታ ነገሩን። ነገሩን ማለት ለእማማ፣ ለእኔና ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ነው። ስድስት ልጅ ወልደው ያሳደጉ ሰው ይህን ታሪክ ለማንኛችንም ነግረው አያውቁም ነበር።

ሊመዘገቡ የሄዱት ተደብቀው ነው። አያቴ ሰምተው ከገጠር በእግራቸው ገሰገሱና ሰልፉ ላይ ደረሱባቸው። መዝጋቢው «ዕድሜ?» ሲል አባባ «አሥራ ስምንት» አሉ። አባታቸው ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆመዋል። «ቀና ብዬ አየኋቸው» አሉ አባባ። «‘ልጄ ገና ነው’ ቢሉ ይመልሱኝ ነበር። አንድ ቃል ነው። አላሉም። የለበሱትን ጋቢ አውልቀው ሰጡኝና ተመለሱ።» አያቴ በ1979 ሲሞቱ አባባ ሰሜን ነበሩ። መርዶው የደረሳቸው ከወራት በኋላ ነው።

አባባ ይህን የተናገሩት በኦሮምኛ ነው፤ በአማርኛ ሳስቀምጠው የቀረብኝ ነገር እንዳለ ይሰማኛል።

እንግዲህ ማኅደሩ ላይ ያሉት ስሕተቶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ የጸሐፊው፣ አንዱ የአባባ የራሳቸው። በዚያ ዘመን ዕድሜ ጨምሮ መዝመት ነውር አልነበረም። ከዚያ በፊትም ቢሆን። ጎባ ያሉ ትልልቅ ሰዎች በ1960ዎቹ መጀመሪያ ባሌን ሲያስተዳድሩ የሚያስታውሷቸው ሌተና ጀኔራል ጃጋማ ኬሎ ጣልያንን ሊወጉ ጫካ የገቡት በ15 ዓመታቸው ነው። ልዩነቱ አርበኛው ጃጋማን ቅጽ ሙላ ያላቸው ሰው አለመኖሩ ነው።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ መፍትሔውን በስልክ አመጣ። «ለምን ትደክማላችሁ? ፍርድ ቤት ገብተው የአባታቸውን ስም ወደ ሀሰን ያስቀይሩ። ከማኅደሩ ጋር ይገጥማል፤ ያልቃል።» በሕጉ ስም የሚለወጠው በፍርድ ቤት ስለሆነ አካሄዱን አውቆ ነው የተናገረው። ብዙ ሰውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ወረቀቱ ከሚስተካከል ሰውየው ወደ ወረቀቱ ቢሄድ ይቀላል። ስልኩን በድምፅ ማጉያ ላይ አድርገነው ነበር።

አባባ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። «ሜዳልያው ለሀሰን ልጅ ከሆነ ለሀሰን ልጅ ይስጡት። እኔ የሁሴን ልጅ ነኝ።» ዘጉት።

እኔም እውነቱን ልናገር፤ ያን ማታ ልቤ ያደላው ለወንድሜ ነበር።

ሐሳቤን የለወጡት አንዲት ሴት ናቸው። ሁለተኛ ስንሄድ መዝገብ ቤት ውስጥ ጡረታቸው የተቃረበ ሠራተኛ አገኘን። ከቀበሌ ያጻፍኩትን ደብዳቤ፣ ባለ ማኅተሙን፣ ገና ሳይጨርሱ መለሱልኝ። «ይሄ ትናንት የተጻፈ ነው» አሉኝ። «ትናንት የተጻፈ ነገር ስለ 69 ምን ያውቃል? ያኔ የተጻፈ አምጣልኝ። ለዚህ ጉዳይ ተብሎ ያልተጻፈ።»

ይህን ምክር ሌላ አገርም እንደሚከተሉት በኋላ ሳነብ ነው ያወቅሁት። አሜሪካ ውስጥ ሴንት ሉዊስ ከተማ የሚገኘው የወታደሮች ማኅደር ቤት ሐምሌ 1965፣ በእነሱ 1973፣ ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ ማኅደር ወድሟል። ከ1912 እስከ 1960 በእነሱ አቆጣጠር ከምድር ጦር ከተሰናበቱት ውስጥ የአብዛኛው፣ 80 በመቶ ያህሉ፣ ማኅደር ነው የጠፋው። ታዲያ እነዚያ ሽማግሌዎች ሜዳልያቸውንና ጥቅማቸውን የጠየቁት በምን ይመስላችኋል? በደመወዝ መክፈያ መዝገብ፣ በሆስፒታል ካርድ፣ ክፍሉ በየቀኑ ማን እንዳለና ማን እንደጎደለ በሚያሰፍርበት ሪፖርት። ማንም ለማስረጃ ብሎ ያልጻፋቸው ወረቀቶች ናቸው ሰውየውን መልሰው ያቆሙት። ማኅደሩ ተገኝቶ የተሳሳተ ከሆነም ብቻውን ይህን የሚሰማ ቦርድ አላቸው።

የእኛ ነገር ደግሞ እሳት ብቻ አይደለም፤ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ሰው የራሱን ማስረጃ ራሱ ይሸሽጋል። የኮሪያ ዘማቾችን ማሰብ ነው። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ሚያዝያ 1943 ከጅቡቲ በመርከብ ሄደ፤ ኢትዮጵያውያኑ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው ተዋጉ፤ አንድም ምርኮኛ ሳያስይዙ ተመለሱ። ደርግ መጥቶ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ ግን ብዙዎቹ ሜዳልያቸውን ደበቁ፣ ስለ ኮሪያም ማውራት ተዉ። ዛሬ ደቡብ ኮሪያ የሰላም አምባሳደር የሚባለውን ሜዳልያ ለዘማቾቹ ስትሰጥ፣ የተደበቀችው ፎቶና የተሸጎጠችው ወረቀት ዋጋቸው ምን ያህል እንደሆነ ለቤተሰቡ ማስረዳት አያስፈልግም። ሶማሊያ ውስጥ የተማረኩትም አሉ። ሁለቱ መንግሥታት በ1980 ተስማምተው ሲለቀቁ አሥራ አንድ ዓመት ያህል የታሰሩ ነበሩባቸው። የአንዳንዱ ቤት ለቅሶውን ጨርሶ ነበር።

በ1983 ግንቦት ጎባ ውስጥም ሰው ያቃጥል ነበር። ፎቶ፣ መታወቂያ፣ የማዕረግ ደብዳቤ፣ ምኑም ምኑም ወደ ምድጃ። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ የጎረቤታችን ግቢ ጭስ ትዝ ይለኛል። የእኛም ተቃጥሏል ብዬ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የኖርኩት።

የሴትዮዋን ቃል ለአባባ ስነግር እማማ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ይዘዋል። ክዳኑ ዝጎ በቢላዋ ነው የተከፈተው። ያኔ ከገብስ ጎተራው ሥር ቀብረውት፣ ነገሩ ሲበርድ አውጥተውት፣ ለአባባ እንኳ ሳይነግሩ አስቀምጠውት ኖረዋል። «ሜዳልያ ዘይት አይሆን» ያሉን እማማ ናቸው እንግዲህ።

በቆርቆሮው ውስጥ አራት ነገር ነበር። የታጠቅ ፎቶ፤ ጀርባው ላይ መለያ ቁጥርና ቀን ተጽፎበታል። ሁለት ደብዳቤ፤ አንዱ ለአያቴ የተላከ፣ «ለአባቴ ለሁሴን» የሚል። የሆስፒታል መሰናበቻ ካርድ፤ «ግራ ክንድ፣ ከክርን በታች» ይላል፤ ስሙ ላይ አሁንም ሀሰን ነው፣ መለያ ቁጥሩ ግን ከፎቶው ጋር አንድ ነው። አራተኛው ምን እንደሆነ አልናገርም፤ እማማ ከእጄ ነጥቀው ደረታቸው ውስጥ ከተውታል።

ቁልፉ ያ የሆስፒታል ካርድ ሆነ። መዝገብ ቤቷ ሴትዮ በ1991 አባባ ዳግመኛ ሲጠሩ የተደረገላቸውን የጤና ምርመራ ከሁለተኛው ማኅደር ፈልገው አወጡ። ሐኪሙ ያለ አንዳች ሐሳብ «በግራ ክንድ፣ ከክርን በታች፣ የቆየ የጥይት ጠባሳ» ብሎ ጽፏል። የሀሰን ልጅ የተመታበት ቦታ የሁሴን ልጅ ጠባሳ ነው። አባባ ሳይጠየቁ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ከዚህ በኋላ ያለው ልፋት ነው፤ ለናንተም ይጠቅም እንደሆነ ያደረግነውን ልናገር። መጀመሪያ የጻፍኩት ማመልከቻ አራት ገጽ ነበር፣ ከታጠቅ እስከ ካራማራ። ሴትዮዋ ፈገግ ብለው «ማን ያነበዋል?» አሉና በአንድ ገጽ አስጻፉኝ፤ ማኅደሩ የሚለው ይህ ነው፣ ትክክለኛው ይህ ነው፣ የሚያስረዳው ወረቀት ይህ ነው፣ እንዲታረም የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው። ዋናውን ወረቀት ለማንም አትስጡ፤ አመሳክረው ቅጂውን ይውሰዱ። ያስገባችሁበትን ቀንና የገቢ ቁጥር በራሳችሁ ቅጂ ላይ አስጽፉ፤ እኛ አንድ ጊዜ «ማመልከቻ አልደረሰንም» ተብለን ያዳነችን ያቺ ቁጥር ናት። ፍርድ ቤትም ሄደናል፤ ስም ለማስቀየር ሳይሆን በሁለቱም ስም የተመዘገበው አንድ ሰው መሆኑ እንዲረጋገጥ። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ነው። ለአባባ ግን ሁሉም ነገር እሱ ነበር።

ምስክር ያስፈልጋል ተባለ። አብረዋቸው ከታጠቅ የወጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ጊኒር፣ አንዱ አዳባ። የጊኒሩ መጡ። ወደ አዳባ ስንደውል ልጃቸው ነው ያነሳው፤ ከሐዘን ቤት። አንድ ወር አልሞላቸውም። አባባ ስልኩን አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ ግድግዳውን ሲያዩ ቆዩ፤ ከዚያ «እሱ ነበር በደንብ የሚያስታውሰው» አሉ። ወላጆቻችሁ ወይም አያቶቻችሁ የዘመቱ ከሆኑ ዛሬ ማታ ጠይቁ፤ ከማን ጋር ነበራችሁ፣ ክፍላችሁ ምን ይባላል፣ መለያ ቁጥራችሁ ስንት ነው በሏቸው። አባባ ቁርስ የበሉትን ይረሳሉ፤ መለያ ቁጥራቸውን ግን እንቅልፍ ላይ ቢቀሰቅሷቸውም ይሏታል።

ችሎቱ ላይ የፈራሁት ጥያቄ መጣ። ዳኛዋ ስለ ትውልድ ዘመኑ ጠየቁ። ጠበቃ የለንም፤ አባባ ራሳቸው ቆሙ። «ስሙን የተሳሳተው ጸሐፊው ነው። ዕድሜውን የዋሸሁት እኔ ነኝ። ክቡር ፍርድ ቤት፣ የእኔን ውሸት ይታረም አላልኩም፤ የአባቴን ስም ነው።» ችሎቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሳቀ፤ ዳኛዋ አልሳቁም። ጻፉ።

ውሳኔውን ይዘን ተመለስን፤ ሁለቱ ማኅደሮች በአንድ ላይ እንዲጠረዙ ደብዳቤ ተጻፈ። አሁን የ14ቱም የሁለቱም ዓመት አገልግሎት በሁሴን ልጅ ስም ነው። የትውልድ ዘመኑ ግን 1951 እንደሆነ ቀርቷል፤ መጀመሪያ ሲቀጠሩ የተሞላው ዕድሜ ነው የሚጸናው ተብለናል። አባባ በአንድ ቀን ሁለት ዓመት አረጁ። እማማ «እኔ ያገባሁት ወጣት ነበር» እያሉ ቡና በጠጣን ቁጥር ያነሱታል።

ሜዳልያው ገና አልመጣም። በመጀመሪያው ዙር ዝርዝር ሳንደርስ ቀርተናል፤ በሚቀጥለው ትጠራላችሁ ተብለናል። ጎረቤቶች ሲጠይቁ አባባ ስለ ሜዳልያው አያወሩም። የታረመውን ወረቀት ነው አውጥተው የሚያሳዩት፤ ማንበብ የማይችለውንም ጭምር፣ ጣታቸውን ከስሙ ሥር አድርገው።

ባለፈው እሑድ ልጄ የቆርቆሮውን ወረቀቶች በስልኳ ፎቶ ስታነሳ አባባ አጠገቧ ተቀምጠው ነበር። እያንዳንዱን እያጎላች እንድታሳያቸው አደረጉ። ለአያቴ የተላከው ደብዳቤ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

«ጭረቷ ትታያለች?»

«ትታያለች አባባ።»

«ቀለበቷስ?»

ልጄ በሁለት ጣቷ አጎላችው።